ከአጣጥ ወገን የተገኘ መድኃኒት

በደጋና በወይና ደጋ አገራችን የተወለደ ሰው፣ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዳር፣ በወንዝ አፋፍ ወይም በእርሻ ድንበር ላይ፣ አጣጥ የሚባለውን እሾኻም ቁጥቋጦ ሳያይ ያደገ አይመስለኝም። ጽዱና ወይራው በቁመታቸውና በግርማቸው ከሩቅ ሲታዩ፣ አጣጥ ከእነርሱ እግር ሥር ዝቅ ብሎ የሚበቅል፣ ለምሰሶ የማይመረጥ፣ ስሙም በሰው አፍ እምብዛም የማይነሣ ተክል ነው። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን የራሱ ውበት አለው፤ የቅጠሉ ዳርና ዳር በጥቃቅን ጥርስ የተከረከመ፣ አበባው ነጣ ያለና እጅግ ደቃቅ፣ ፍሬውም ሲበስልና ሲደርቅ ተሰንጥቆ በጉያው የያዛቸውን ቀላ ያሉ ዘሮች የሚያሳይ ነው። እረኛ ልብሱ በእሾኹ ሲያዝ ያማርረዋል፤ ማሳውን ከከብት ለማስጣል የሚሻ ገበሬ ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጦ ያጥርበታል፤ ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር ይገኝበታል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ከዚሁ ከአጣጥ ወገን አንዱ፣ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ማይቴነስ ሴራታ በሚል ስም የሚታወቀው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ከኢትዮጵያ ምድር ተለቅሞና ደርቆ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከእርሱም ማይታንሲን የተባለ፣ ሕዋስን በመግደል ኃይሉ እጅግ የበረታ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ይኸው ንጥረ ነገር ብዙ ውጣ ውረድ ካየ በኋላ፣ ተክሉ ከተለቀመ ግማሽ ምዕት ዓመት ሲሞላው፣ ከእርሱ ተለውጦ የተሠራ ልጁ በጡት ካንሰር ለሚሠቃዩ ሴቶች የሚሰጥ መድኃኒት አካል ሆነ። ይህን ታሪክ ለአንባቢ መተረክ የወደድሁት፣ ከደን ውስጥ መድኃኒት ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ ደንም ሲጠፋ ከእርሱ ጋር ምን እንደሚጠፋ፣ ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ነቀርሳን የሚገታ ነገር ከቅጠልና ከቅርፊት ውስጥ ስለ ምን ይገኛል የሚለው ነው። ዕፀዋት እንደ እንስሳት ከጠላታቸው ሸሽተው ማምለጥ አይቻላቸውም፤ በበቀሉበት ቆመው አባጨጓሬ ይበላቸዋል፣ ሻጋታ ይወርሳቸዋል፣ ደዌ ይገባባቸዋል። ስለዚህ ፈጣሪ በሰጣቸው ጥበብ፣ በዘመናት ብዛት፣ የሚበላቸውን የሚያዝል ወይም የሚገድል መራራና መርዛማ ነገር በሥራቸው፣ በቅርፊታቸውና በፍሬያቸው ያከማቻሉ። ዝናብና ሙቀት በማይለዩት በሐሩር አገር ደን ደግሞ፣ በራሪውም ተሳቢውም ሻጋታውም ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ የሚባዛ በመሆኑ፣ ይህ ተጋድሎ ይበልጥ የበረታ ነው። የነቀርሳ ሕዋስ ክፋቱ ያለ ልክና ያለ ማቋረጥ በመባዛቱ ነውና፣ የሚባዛን ሕዋስ የሚገታ መርዝ፣ መጠኑ ከታወቀና መንገዱ ከተገራ፣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ኮሶን ለልጆቻቸው በልክ ይሰጡ የነበሩ እናቶቻችን፣ ልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ያው የሚያድነው ኮሶ እንደሚጎዳ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ለዚህ ፍለጋ በር የከፈተው ግን አጣጥ ሳይሆን ከማዳጋስካር ደሴት የመነጨ፣ ዛሬ በየሐሩር አገሩ ለጌጥ የሚተከል፣ አበባው ሮዝና ነጭ የሆነ ትንሽ ተክል ነው። በ1952 ክላርክ ኖብል የተባሉ ካናዳዊ ሐኪም፣ የጃማይካ ሰዎች ለስኳር በሽታ እያፈሉ የሚጠጡት ነው የተባለ ሃያ አምስት ቅጠል በፖስታ ደረሳቸው፤ እርሳቸውም በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ መርማሪ ለነበሩት ለወንድማቸው ለሮበርት ኖብል አስተላለፉት። የቅጠሉ ጭማቂ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ሲፈተን የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ አልቻለም፤ ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሶቻቸው ባልተጠበቀ ሁኔታ ማነሳቸው ታየ። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ከሸፈ ብሎ ይተወው ነበር፤ ሮበርት ኖብልና ባልደረባቸው ቻርልስ ቢር ግን፣ የነጭ ደም ሕዋስ ያለ ልክ የሚበዛበት ሉኪሚያ የሚባል ነቀርሳ መኖሩን አስበው ምርምሩን ቀጠሉ፤ በ1958ም ቪንብላስቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለዓለም አስታወቁ። በዚያው ዘመን የኢላይ ሊሊ ኩባንያ መርማሪዎች፣ በጎርደን ስቮቦዳ መሪነት፣ ከዚሁ ተክል ቪንክሪስቲንን አወጡ፤ ይኸኛው በ1963 በሕክምና እንዲሠራበት ተፈቀደ። ቀድሞ ሕፃናትን ያለ ርኅራኄ ይቀጥፍ ከነበረው ሉኪሚያ፣ ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ከመቶው ዘጠና ያህሉ ሕፃናት የሚድኑት፣ ቪንክሪስቲን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተባብሮ ነው።

እንግዲህ ከአንዲት የጌጥ አበባ ይህን ያህል ከተገኘ፣ ገና ማንም ካልመረመረው ደን ምን አይገኝም የሚል ተስፋ በሊቃውንቱ ልብ አደረ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በ1960 ከዚያው አገር የእርሻ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ፣ ከዓለም ዙሪያ ዕፀዋትን እያስለቀመ የሚያስመረምርበትን ታላቅ ሥራ ጀመረ። ከሥራው ዋና አንቀሳቃሾች አንዱ ኬሚስቱ ጆናታን ሃርትዌል፣ ሕዝቦች ሁሉ ለዕብጠትና ለነቀርሳ ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ዕፀዋት ከጥንታውያን መጻሕፍት ሳይቀር እየለቀሙ በመመዝገብ የታወቁ ሰው ነበሩ። ሥራው በ1982 እስኪቋረጥ ድረስ 35,000 ያህል የዕፀዋት ናሙናዎች ተፈትሸዋል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ለሕሙማን የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ያህል ደክሞ ያን ያህል ብቻ ማግኘት ኪሳራ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በእነዚያ ጥቂቶች ሕይወቱ የተራዘመለትን ሕዝብ ብዛት ይመልከት።

የለቀማው ሥራ ከሩቅ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ለቃሚው ወደ ደን የሚገባው መቁረጫ፣ ከረጢት፣ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት የእንጨት ርብራብ ይዞ ነው። ቁጥቋጦውን ካገኘ በኋላ፣ አበባና ፍሬ ያለበትን አንድ ዘለላ መርጦ፣ ቅጠሉ እንዳይጨማደድ በጋዜጣው ገጽ መካከል ዘርግቶ፣ በርብራቡ መካከል አድርጎ በጠፍር ያጠብቀዋል። ይህ ምስክር የሚሆነው ናሙና ነው። ከዚያ ለምርመራ የሚላከውን ሥሩን ለብቻ፣ ቅርፊቱን ለብቻ፣ ፍሬውን ለብቻ በየከረጢቱ ይጨምራል፤ ለምስክሩም ለከረጢቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል፤ በማስታወሻው ላይ ስፍራውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ከጎኑ የበቀሉትን ዛፎች ይጽፋል። ሲመሽ እሳት አንድዶ ወይም ጥላ ፈልጎ ማድረቅ አለበት፤ ባግባቡ ሳይደርቅ ያደረ ከረጢት ይሻግታልና፣ ከሻገተም የሚመረመረው ተክሉ መሆኑ ቀርቶ ሻጋታው ይሆናል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይም ምስክሩ ከጠፋ ደግሞ፣ ከዓመታት በኋላ መድኃኒት የሚሆን ነገር ቢገኝ እንኳ ከየትኛው ተክል እንደ መጣ የሚያውቅ አይኖርም።

ከኢትዮጵያ የሄደው የአጣጥ ወገን ይህን መንገድ አልፎ ቤተ ሙከራ ሲደርስ እንደ ሌሎቹ ተፈጨ፣ በአልኮል ተነከረ፣ ጭማቂው ተተነነ። ከዚያም በመስታወት ዕቃ በሚባዙ የነቀርሳ ሕዋሶችና ሉኪሚያ በያዛቸው አይጦች ላይ ተፈተነ፤ ነቀርሳውን የመግታት ምልክትም አሳየ። ምልክቱን ካሳየው ጭማቂ ውስጥ ኃይሉን የያዘውን አንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ የማውጣት ሸክም የወደቀው በሞሪስ ኩፕቻን ላይ ነበር፤ እርሳቸው በዊስኮንሲን፣ በኋላም በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ ከዕፀዋት ፀረ ነቀርሳ ንጥረ ነገር በማውጣት ስመ ጥር የሆኑ ኬሚስት ናቸው። ሥራው ጭማቂውን በየክፍሉ መለየት፣ የተለየውን ሁሉ መልሶ በሕዋስ ላይ መፈተን፣ ኃይሉ የታየበትን ይዞ ሌላውን መተው፣ የተያዘውንም እንደገና መለየት ነው። በዚህ ዓይነት እየተጣራ ሲሄድ፣ ከአንድ ኪሎግራም ደረቅ ተክል የሚገኘው ማይታንሲን ከአንድ ሚሊግራም አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ግራም ለማግኘት አምስት ሺህ ኪሎግራም ተክል ያስፈልጋል ማለት ነው። ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው የንጥረ ነገሩን ቅርጽ አረጋግጠው በ1972 ሲያሳትሙ፣ በአይጦች ላይ ኃይሉን ለማሳየት የሚበቃው መጠን በማይክሮግራም የሚለካ መሆኑን ገለጹ፤ በመድኃኒት ፍለጋ ታሪክ ይህን የመሰለ ብርታት ያለው ነገር እምብዛም አልታየም።

ይህ ብርታት ከምን የመጣ ነው ቢባል፣ ሕዋስ ለሁለት የሚከፈልበትን ጥበብ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕዋስ ሊከፈል ሲል የዘር መዝገቡን የያዙትን ክሮሞሶሞች አስቀድሞ እጥፍ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያም ከወዲህና ከወዲያ ጫፍ ረቂቅ ክሮችን ይዘረጋል፤ እነዚህም ሸማኔ ሊሠራ ሲቀመጥ አስቀድሞ እንደሚወጥረው ድር፣ ተወጥረው ካልቆሙ በቀር ሥራው ሊጀመር አይችልም። ክሮቹ የሚሠሩት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን፣ ቅንጣት በቅንጣት ላይ እየተቀጠለ ነው። ማይታንሲን በሚያድገው የክሩ ጫፍ ላይ ይለጠፍና ቀጣዩ ቅንጣት እንዳይቀጠል ያግዳል፤ ክሩ ሳይደርስ ይቀራል፣ ክሮሞሶሞቹም ወደ የወገናቸው የሚስባቸው አጥተው መካከል ላይ ይቆማሉ፣ ሕዋሱም መከፈልም መመለስም ተስኖት ይሞታል። ቪንብላስቲንና ቪንክሪስቲንም የሚሠሩት በዚሁ በቱቡሊን ላይ ነው፤ ማይታንሲን ግን በሕዋስ ላይ ሲፈተን ከመቶ እጥፍ እስከ ሺህ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ምዕራፍ ደረስን። መድኃኒቱን በሰው ላይ ለመሞከር ብዙ ግራም ስላስፈለገ፣ ማይታንሲን ይበልጥ የሚገኝበት ዘመድ ተክል ሲፈለግ፣ በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተ ደቡብ በሚገኘው በሺምባ ሂልስ ደን፣ ማይቴነስ ቡካናኒ የተባለው ተገኘ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከዚያ ደን 27 ቶን ያህል የዚህ ተክል እንጨት ተቆርጦ ወጣ፤ ይህም በስፍራው የነበሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ዛፎች በሙሉ ማለት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ተጨማሪ ሲፈለግ፣ ከሥር የተተካው ቡቃያ እጅግ ጥቂት ሆኖ ለቃሚዎቹ ተቸገሩ። ለሰው ልጅ ፈውስ የታሰበ ሥራ፣ ፈውሱ የሚገኝበትን ስፍራ ራሱን እስከ ማራቆት ሲደርስ ማየት ያሳዝናል። መርማሪዎቹ ክፉ አሳብ ነበራቸው አልልም፤ ነገር ግን ተክሉ ሊያልቅ እስኪደርስ መቆረጡ ሊሸፈን የሚገባው ጥፋት አይደለም።

ያ ሁሉ ዛፍ የፈሰሰበት ሙከራም የታሰበውን ያህል አልሠመረም። ማይታንሲን ለሕሙማን በተሰጠ ጊዜ፣ የሚሞተውን ከማይሞተው የሚለይበት ዓይን ስለሌለው፣ የነቀርሳውን ሕዋስ ብቻ ሳይሆን በአንጀት ሽፋንና በነርቭ ያሉትንም መታ፤ ሕሙማኑ በትውከትና በተቅማጥ ደከሙ፣ እጅና እግራቸው ደነዘዘ፣ ዕብጠታቸው ግን ከጥቂቶቹ በቀር አልቀነሰም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ተቋረጠ፤ ማይታንሲንም ተስፋ ከተጣለባቸው በኋላ ከተተዉት ብዙ ንጥረ ነገሮች ጋር ተቆጠረ። ኩፕቻን በ1976 ዐርፈው ስለ ነበር፣ የደከሙበት ነገር ሲወድቅም ኋላ ሲነሣም አላዩም።

የተነሣበት መንገድ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። የመጀመሪያው ከጃፓን ነበር። በ1977 የታኬዳ ኩባንያ መርማሪዎች፣ በሣር ላይ የምትኖር አንዲት ባክቴሪያ ሲመረምሩ፣ አንሳሚቶሲን የተባሉ፣ ከማይታንሲን ጋር የአንድ ቤተ ሰብ የሆኑ ንጥረ ነገሮችን እንደምትሠራ ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ዛፍ መቁረጥ አላስፈለገም፤ ባክቴሪያዋን በጋን በሚያህልና ከዚያም በሚበልጥ የብረት ዕቃ በማብላላት፣ የሚፈለገውን ያህል ማግኘት ተቻለ።

ነገር ግን ይህ ግኝት ሌላ ጥያቄ አስነሣ፤ ከአንዲት ባክቴሪያ የሚገኝ ነገር በአፍሪካ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዴት ሊገኝ ቻለ? ሊቃውንቱ ብዙ ዓመት ተከራከሩበት። በ2014 በጀርመን አገር በዶርትሙንድ የነበሩ መርማሪዎች፣ የአጣጥ ዘመድ የሆነውን ፑተርሊኪያ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ ሥር ሲፈትሹ፣ ማይታንሲንን የሚሠሩት በሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኅብረት ሆነው መሆኑን አሳዩ። ባክቴሪያዎቹ ማደሪያ ያገኛሉ፤ ተክሉም በመርዛቸው ይጠበቃል። ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ ዘሩን ብቻ ወስደን በሌላ አገር ብንዘራው፣ ያ ሥር በዚያ አፈር ውስጥ ያገኛቸው ረቂቃን ፍጥረታት አብረው ካልሄዱ፣ ቁጥቋጦው በቅሎ መድኃኒቱ ላይገኝበት ይችላል። እንግዲህ አንድ ደን ሲመነጠር የሚጠፋው በዓይን የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው ብሎ መቁጠር፣ ከሀብቱ እኩሌታውን ሳይቆጥሩ መተው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው ለማይታንሲን የጎደለውን ዓይን በመስጠት ነው። ሰውነታችን እንግዳ ነገር ሲገባበት፣ ያን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ሊቃውንትም ይህን ፕሮቲን በቤተ ሙከራ ለፈለጉት ዒላማ መሥራትን ተምረዋል። ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከአምስቱ የአንዷ ያህል፣ በነቀርሳው ሕዋስ ገጽ ላይ ኸር 2 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ያለ ልክ በዝቶ ይገኛል፤ ይህ ዓይነቱ ነቀርሳም በጣም ፈጣንና ክፉ ነው። ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያ ኸር 2ን ለይቶ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ በ1998 አስፈቅዶ ነበር። በማሳቹሴትስ በነበረው ኢሚውኖጄን በተባለ ኩባንያ ደግሞ፣ ራቪ ቻሪና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ማይታንሲንን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ለማሰር እንዲያመች አድርገው ዲኤም 1 የተባለ ልጅ አውጥተውለት ነበር። ሁለቱ ተጋጠሙ። አንዱ ትራስቱዙማብ በአማካይ ሦስት ወይም አራት የዲኤም 1 ቅንጣት ተሸክሞ በደም ይዞራል፤ ኸር 2 የበዛበትን ሕዋስ ሲያገኝ ይያዛል፤ ሕዋሱም ተቀባዩን ከነተሸከመው ወደ ውስጥ ይውጠዋል፤ በውስጡም ፕሮቲኑ ሲፈጭ መርዙ ይፈታል፣ ክሮቹንም ያግዳል። ያ በ1970ዎቹ ሕሙማንን ያደከመ መርዝ፣ አሁን አብዛኛው ከሚፈለገው ሕዋስ ደጃፍ ሳይደርስ አይፈታም።

ውጤቱ የታየው ኤሚልያ በተባለው ጥናት ነው። ነቀርሳቸው ተሠራጭቶ ቀድሞ መድኃኒት የተሰጣቸው 991 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ሲመረመሩ፣ አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት በመካከለኛ ግምት 30.9 ወር፣ ሌላውን የወሰዱት 25.1 ወር በሕይወት መኖራቸው በ2012 ታተመ፤ የካቲት 22 ቀን 2013ም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ካድሳይላ በሚል የንግድ ስም እንዲሰጥ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ካትሪን የተባለው ጥናት ደግሞ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ወስደው ነቀርሳው ፈጽሞ ያልጠፋላቸውን 1,486 ሕሙማን መርምሮ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነቀርሳው ሳይመለስባቸው በሕይወት የተገኙት ከመቶው 88.3 መሆናቸውን፣ ትራስቱዙማብን ለብቻው ከወሰዱት ግን 77 መሆናቸውን አሳየ። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ በየቤቱ ሲተረጎም ግን ልጆቿን የምታሳድግ እናት ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሲሰጥ ላየው ሰው ታሪኩን ሁሉ የሚያመለክት ነገር አይገኝበትም። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት በንጹሕ ውኃ ይሟሟል፣ በጨው ውኃ ከረጢት ይበረዛል፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ክንድ ደም ሥር ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ነርሷ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ነገር እንዳለ እየጠየቀች ትጠብቃለች፤ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ ይደገማል። ለእያንዳንዱ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት የሚሰጠው 3.6 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያም ውስጥ መርዙ ራሱ እጅግ ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ተሸካሚው ፕሮቲን ነው። ጉበትን ስለሚጎዳና ደም የሚያረጋውን ሕዋስ ስለሚያሳንስ፣ በየጊዜው ደም ሳይመረመር አይሰጥም። በ2022 ደግሞ የማይታንሲን ሌላ ልጅ የሆነው ዲኤም 4፣ ለማኅፀን እንቁልጢ ነቀርሳ ከተሠራ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ታስሮ በአሜሪካ ተፈቀደ።

በዚህ ስፍራ አንባቢን በብርቱ ማስጠንቀቅ ግዴታዬ ነው። ከአጣጥ ወገን መድኃኒት ተገኘ ማለት፣ ከአጥር ጥግ ያለውን አጣጥ አፍልቶ የጠጣ ሰው ይድናል ማለት አይደለም። አጣጥ ተብለው የሚጠሩት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ማይታንሲን የተገኘው በጥቂቶቹ ነው፤ በተገኘባቸውም መጠኑ ለማዳን ያነሰ፣ መርዝነቱ ግን ያልተለየ፣ ለብቻውም በሐኪም እጅ ተሞክሮ የከሸፈ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታየው ነቀርሳ ሁሉ የጡቱ ይበዛል፤ ብዙዎችም ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በጡቷ ላይ ዕባጭ የተሰማት ሴት ቅጠል ስትፈልግ የምታባክነው እያንዳንዱ ወር ከዕድሜዋ የሚቀነስ ነውና፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሐኪም ትሂድ።

ይህን ስል የአበውን የመድኃኒት ዕውቀት ማቃለሌ አይደለም። የጃማይካ ሰዎች ያችን አበባ የሚጠጡት ለስኳር በሽታ ነበር እንጂ ለነቀርሳ አልነበረም፤ ሆኖም በቅጠሉ ውስጥ ሰውነትን የሚነካ ብርቱ ነገር መኖሩን ባያውቁና ባያስተላልፉ ኖሮ፣ ሃያ አምስቱ ቅጠል ወደ ካናዳ ባልሄደ ነበር። በብራና ላይ ሥሩን፣ ቅጠሉንና የሚለቀምበትን ወራት የጻፉልን ደብተራዎች፣ በቃልም ለልጆቻቸው ያወረሱ ዐዋቂዎች፣ ለመርማሪ የሚሰጡት የመጨረሻውን መልስ ሳይሆን የት መቆፈር እንደሚገባ ነው፤ ይህም ከሺህ ዓይነት ተክል መካከል ለሚፈልግ ሰው ታላቅ ነገር ነው።

የአጣጡ ናሙና ከአገራችን በወጣበት ዘመን፣ ከአንድ አገር ተክል ለተገኘ ጥቅም ለባለ አገሩ ድርሻ ይገባዋል የሚል ሕግ በዓለም አልነበረም፤ ዕፀዋት የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ርስት ናቸው ይባል ነበርና፣ የለቀመው ሰው ወስዶ ሄደ። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት መንግሥታት በምድራቸው ባለው የሕይወት ሀብት ላይ ባለ መብት መሆናቸውን አጸና፤ በ2010 የተደረሰውና በ2014 የጸናው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ የጥቅም መካፈልን ሥርዓት ወሰነ። ኢትዮጵያም በ2006 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482 አወጣች። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን አይዳኝም፤ ወደ ፊት ግን ማንም መርማሪ ያለ ፈቃድና ያለ ውል ከረጢቱን ሞልቶ እንዳይሄድ ያግዳል። እኔ ግን ከማገዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ወደ ውጭ ሳይሄድ በአገሩ ተፈጭቶ፣ በአገሩ ልጆች እጅ ተፈትኖ፣ መልሱ በአገሩ የሚጻፍበት ቤተ ሙከራ ካልተስፋፋ፣ ሕጉ በር ዘግቶ ቤቱን ባዶ መጠበቅ ይሆናል።

መሠረቱ ግን ተጥሏል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በየሣጥኑ የተደረደሩ የደረቁ ናሙናዎችን ይዞ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ኖሯል፤ በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ፣ እነ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሰብስቤ ደምሰው ከስዊድን ሊቃውንት ጋር የደከሙበት፣ ስድስት ሺህ ገደማ ዓይነት ዕፀዋትን በስማቸውና በመልካቸው መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ በነቀርሳ ሕዋስ ላይ ተሞክረው የታዩት ጥቂቶች ናቸው።

የቀሩትን መመርመር የሚቻለው ግን የሚበቅሉበት ደን ሲኖር ነው፤ በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ ጥንታዊው ደን ተመንጥሮ አልቆ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑት፣ በልብ ወለድ ድርሰታቸውም የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት ያልገባበት ደን ቡቃያው ሲያድግ፣ ከብት የሚገባበት ግን ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥር የሚተካ እንደሚያጣ አሳይተዋል። ይህን በመረዳት በብዙ አጥቢያዎች ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ክቧል።

እንግዲህ የደብር አለቆች፣ መምህራንና ሰበካ ጉባኤያት ሆይ፣ ለአዲስ ሕንጻ ወይም ለማስፋፊያ ቦታ ስታስጠርጉ፣ ጽዱና ወይራው ይቅሩ ብላችሁ ከሥራቸው ያለውን ቁጥቋጦ እንደ አረም አታስመንጥሩ፤ በባዶው ስፍራም ፈጥኖ ይደርሳል ብላችሁ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። በአካባቢው ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ከነርብራባቸውና ከነጋዜጣቸው ወደ ደኑ ላኩ፤ ናሙናው በቁጥሩ ተመዝግቦ አዲስ አበባ ይድረስ፤ የደብሩ ሽማግሌዎች ስለ ተክሉ የሚያውቁት በስማቸው ይጻፍ። አጣጡም በቦታው ይቆይ።